ጥምቀትን እዚያው ዋል

ቡሬ፣ ኅዳር ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ለተወደድህ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትህ? የስደት አገርህ የገዳሪፍ ሐሩርስ እንዴት ይዞሃል? ወባው ለቀቀህ ወይስ አሁንም ከሰዓት በኋላ ያንቀጠቅጥሃል? እኔ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ አካሌ ደህና ነው። ከአካሌ ሌላ ስላለው ብትጠይቀኝ የምመልሰው የለኝም።

ደብዳቤህን ሰም ነጋዴው ገብረ ሕይወት ከኮርቻው ሥር አውጥቶ ሰጠኝ። ሥራዬን፣ መንገዱንና ያደግንበትን ቦታ ጠይቀኸኛል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ቢይዙኝም ይያዙኝ፣ ጥምቀትን ከእናቴ ጋር ሳልውል አልቀርም ብለሃል። ወደዚህኛው እመለሳለሁ። በተራው ልሂድ፤ ነገር ማደባለቅ እንደማልወድ ታውቃለህ።

ሥራዬ አቤቱታ መጻፍ ነው። ባሕር ተሻግሬ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሕግ የተማርሁት ሰው፣ ቡሬ ገበያ ዳር ዳስ ሥር ተቀምጬ ለገበሬ በጣልያንኛ እጽፋለሁ። ባለፈው ሰሞን ደረሰ የሚባል ገበሬ የእርሻ በሬውን ወታደሮች አርደው በሉበትና ካሳ እንዲከፈለው ጻፍሁለት። ሹሙ የወረቀቱ ኅዳግ ጠቧል ብሎ መለሰው። ይህን ለደረሰ ብነግረው፣ «እንዴ ጌታው፣ በሬዬን የበሉት ኅዳጉ ላይ ነው?» አለኝ። አልሳቅሁም። ኅዳጉን አስፍቼ እንደገና ጻፍሁ። አሁን ደግሞ የበሬውን መልክ ጠይቀዋል። ሆዳቸው ውስጥ ያለ በሬ መልኩ ምን ያደርግላቸዋል? ዳለቻ ብዬ ጻፍሁ።

የጥምቀቱን ነገር ካነበብሁ በኋላ ይለፍ ለምኜ ወደ አደግንበት ወደ ውጅግራ ሄድሁ። ስሚንቶ በጫነ ካሚዮን ላይ ተሳፍሬ ነበር፤ ማንኩሳ ላይ ተበላሸና የቀረውን በእግሬ ተጓዝሁ። መንገዱ ጥሩ ነው። ይህን መጻፍ ያናድደኛል፣ ግን ጥሩ ነው፤ ክረምት ከበጋ ጭቃ የለውም። ጤፉ ግራና ቀኝ ቢጫ ሆኗል። አጫጁ ግን ጥቂት ነው፤ ገሚሱ ጫካ ገብቷል፣ ገሚሱ ድንጋይ ይፈልጣል።

ላህ ወንዝ ላይ፣ ስንዋኝበት ከነበረው ባሕር በላይ ድልድይ ተሠርቷል። ልብሳችንን የምናሰጣበት አለት ላይ ባንዶች ጠመንጃቸውን ይወለውላሉ። ዳዊታችንን ሰቅለን የምንጠፋበት ሾላ ለምሽግ ተቆርጧል። ያለቅሳል ብለህ ጠብቀህ እንደሆነ፣ አላለቀስሁም። ጉቶው ላይ ተቀምጬ ከጫማዬ አሸዋ አራገፍሁ።

የድልድዩ ዘበኞች አለቃ እጅጉ ነው፣ አብሮን ዳዊት የደገመው። ሌሎቹ መልክህን አያውቁም፤ እሱ ግን ከሩቅ በአካሄድህ ይለይሃል። ይለፌን ሳያይ አቅፎ ሳመኝ፤ ስለ ልጆቼ ጠየቀኝ፤ ቆሎ ሰጠኝ። ስንለያይ ግን፣ «ያ ወንድማችን ለጥምቀት አይመጣም እንዴ? እናቱን አይናፍቅም?» አለኝ። ድምፁ የወዳጅ ድምፅ ነበር። ከኋላው ያለው ዛፍ ላይ ገመድ ተንጠልጥሏል። የምን ገመድ እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ከእናትህ ግቢ የደረስሁት ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ነው። በሩ በውጭ ተሸጉሯል። ግቢው ተጠርጓል፣ ላሟ ታልባለች፣ ጥጃው ደህና ነው። ጎረቤቲቱ አቻምየለሽ ወጥታ ተቀበለችኝ። ራሷን ተላጭታለች። ምነው ብላት ቅማል አስቸገረኝ አለችኝ። ከአጥሩ ማዶ ያሉት ሴቶችም እንዲሁ ተላጭተዋል። ቅማሉ ሰፈሩን ሁሉ የያዘው ይመስላል።

ወዲያው ቄስ ዳኘውና ሽማግሌዎቹ መጡና ከደጁ ተቀመጥን። ገና አፌን ሳልከፍት የምጽፍልህን ይነግሩኝ ጀመር፤ ከብቱ ደህና፣ እህሉ ደህና፣ እናትህም ሰላም ይሉሃል ብለህ ጻፍ አሉኝ። ተቆጣሁ። ያልተላከ ሰላምታ በእጄ አይጻፍም አልሁ። ደህና ናቸው ካልሁት ሊጠይቃቸው ይመጣል፣ እጅጉም ድልድዩ ላይ ይጠብቀዋል አልኋቸው። ቄሱ ረጋ ብለው፣ «እውነቱን ብትነግረውም ይመጣል። ባሕር ማዶ ለዚህ የሚሆን ምዕራፍ አላስተማሩህም?» አሉኝ።

ያኔ አቻምየለሽ ጣልቃ ገባች። እናትህ እጇን ይዘው ያሏትን ቃል ነገረችኝ፤ እንዳለ እጽፍልሃለሁ፤ «ልጄ በእኔ ምክንያት ላህን እንዳይሻገር። ቢሻገር አልባርከውም በሉት።» ይህን የተናገሩት በጥቅምት ነው። ሌላ ቃል አላቆዩልህም። ስለቀረው አትጨነቅ፤ የሚገባው ሁሉ በሥርዓቱ ተደርጓል፣ ቄስ ዳኘው ራሳቸው ቆመው አስፈጽመዋል። እጅጉ እንዳይሰማ ብለው ድምፅ ብቻ አላሰሙም። ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ይዘው ነው የዋሉት።

ስለዚህ ጥምቀትን እዚያው ዋል። አንተ ብትያዝ የእናትህ ቃል ከንቱ ይሆናል፤ የእኔም መንገድ እንዲሁ። እዚህ የሚጠብቅህ እጅጉ ብቻ ነው።

አሁን የምልህን በጥሞና አድርግ። ይህን ደብዳቤ ገብረ ሕይወት በምሽት ይሰጥሃል። እዚያ ላሉት ለአገራችን ሰዎች የሚደርስ ቃል በአፉ ልኬበታለሁ፤ አንዳንዱ ነገር በወረቀት አይሆንም። ነገ ጎህ ሲቀድ ተሰብስበው ከደጅህ ይመጣሉ። እዚያው ያለው ባልንጀራህ ይርሳውም አብሯቸው አለ፤ እሱ ብርቱ ነው፣ ከአጠገብህ ይቀመጥ። በሩን ክፈትላቸው። ስለ ምን በዛችሁ ብለህ አትጠይቅ። እዚያ ድምፅህን የሚከለክልህ የለም።

ቄስ ዳኘውና አቻምየለሽ ሰላም ብለውሃል። ዘመኑን ያሳጥርልን፤ በአንድ ደጅ ተቀምጠን የምናወጋበትን ቀን አያርቅብን።

እግዚአብሔር ያጽናህ።

የልጅነት ጓደኛህ