«ይቀመጡ» እና «ቁም»

ወንድም ጋሼ፣ ናፍቆቴ ከወረቀቱ ቀድሞ ይድረስህ። እኛ ደህና ነን፤ ጣሪያውም ማፍሰሱን ተወ።

ትናንት የታናሻችን የመኪና አደጋ ጉዳይ ታየ። ከእሱ በፊት አንድ ባለከረባት ቀረበ፤ እሱም እንደኛው እግረኛ ገጭቶ ጥፋቱን አምኗል። ዳኛው «ይቀመጡ» አሉትና በገደብ ለቀቁት። የኛን ግን «አንተ፣ ቁም!» ብለው ለቅጣት ውሳኔ ለሰኞ ቀጠሩት። ጠበቃችን «ቅጣት ማቅለልና ማክበድ የዳኛው ሥልጣን ነው፤ አንቺ ነገር ታበዢያለሽ» ይለኛል። ይሁንለት። እኔ ግን ሚዛኑ ገና ከምላሳቸው ሲያዘነብል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ለሰኞ ኮቱን ተኩሼ ሰቅያለሁ። ወፍራም ብርድ ልብስም ገዛሁለት። እማዬ «በዚህ ሙቀት?» ብትለኝ «ክረምት መምጣቱ አይቀር» አልኳት። እሷም የሱፍ ካልሲ ጨመረችበት።

አንተ ብቻ ደህና ሁንልኝ።

እህትህ