ካሜራው እንዳይተኛ

ለውድ ወንድሜ ለቮይታ፣

እንደምን ከርመሃል? የወገብህ ሕመምስ ተሻለህ ወይ? ባለቤትህ ኬሪስ፣ ትንሿ ልጃችሁ ቴሬዛስ ደኅና ናቸው? እዚያ አውስትራሊያ በጋው እየገባ ነው ብለኸኛል፤ እኛ ዘንድ የፕሪም ዛፎቹ ቅጠላቸውን አራግፈው ጨርሰዋል፣ ማለዳ ማለዳ ጓሮው በውርጭ ነጭ ሆኖ ያድራል። እኔን ለክፉ አይሰጠኝም። አባባም አካሉ ደኅና ነው። የቀረውን በስልክ ልነግርህ ስሞክር እንባ እየቀደመኝ ነውና በጽሑፍ ይሻላል አልኩ።

አባባ መርሳቱ ብሶበታል። ሐኪሟ ቀስ በቀስ ሰውም ሊጠፋበት ይችላል ብላናለች። ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር፣ ይሠራበት የነበረው የአሻንጉሊት ፊልም ስቱዲዮ ከተዘጋ ወዲህ ዕቃ ቤት የተከማቹትን አሻንጉሊቶች አውጥቶ አንድ የመጨረሻ ፊልም ልሥራ አለኝ። ሥራውን ታውቀዋለህ፤ አሻንጉሊቱን በጥቂቱ አንቀሳቅሶ አንድ ሥዕል ማንሣት፣ ደግሞ በጥቂቱ አንቀሳቅሶ ማንሣት ነው። ታዲያ አባባ የትኛውን እጅ አንሥቶ እንደነበር ይጠፋበትና አሻንጉሊቱን ታቅፎ ዝም ብሎ ይቀመጣል።

መላ ያመጣው ጎረቤታችን ኢቮ፣ ያ ሬዲዮ ጠጋኙ ነው። አንተ ትተህልን የሄድከውን የቪዲዮ ካሜራ ከኮምፒውተር ጋር እናገናኘው አለ። ኮምፒውተሩ ያለፈውን ሥዕል አደብዝዞ ከአዲሱ ሥር ስለሚያሳይ አባባ ከማስታወስ ይገላገላል። ገመዱን ሰክተን ግማሽ ቀን ባዶ ስክሪን ላይ አፈጠጥን። ለካ ኢቮ ሆዬ የካሜራውን ማዞሪያ ያደረገው የተቀረጸውን መልሶ ማሳያው ላይ ኖሯል፤ ወደ መቅረጫው ሲመልሰው የአባባ ጠረጴዛ ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ። አባባም የአሻንጉሊቱን ክንድ አነቃንቆ የቀድሞው ክንድ እንደ ጥላ ከሥር ሲታየው፣ ይሄስ ከእኔ ይልቅ ያስታውሳል ብሎ ሳቀ።

ደስታችን ግን አልዘለቀም። ካሜራው ጥቂት ቆይቶ ራሱን ያጠፋል፤ ለማብራት ሲነኩት ይዛነፍና የጧቱ ሥራ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ልጆች ሳለን ወለሉ እንዳይነቃነቅ በካልሲ ያስኬደን የነበረው ሰው በዚህ እንዴት እንደሚበሳጭ አንተው ገምተው። ኢቮ ደግሞ መተረቡን አይተውም፤ "አንተ ሽማግሌ፣ ካሜራህ ካንተ የባሰ እንቅልፋም ነው" ይለዋል። አባባም "ያንተን ወሬ ከሚሰማ ቢተኛ ይሻለዋል" ብሎ አፉን አስያዘው። በኋላ ኢቮ ሰው ጠይቆ ምክንያቱን ደረሰበት። ካሜራው የሚተኛው በውስጡ ላለው ካሴት ተጠንቅቆ ነው፤ ካሴቱ ከወጣለት ቀኑን ሙሉ ነቅቶ ይውላል። ያ ካሴት ደግሞ እማማ አንተን ስንሸኝህ የቀረጸችበት ነው። እሷ ካስገባችው በኋላ፣ ከሞተችም በኋላ፣ የነካው የለም። ላወጣው ስል አባባ እጄን ያዘኝ፤ እሷ የዘጋችውን እኔ አልከፍትም አለ። እኔም አልተከራከርኩትም፣ ሥራው እንደቆመ ቀረ።

ባለፈው ማክሰኞ ከገበያ ስመለስ አባባ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሶ ይሠራል። ካሜራው በርቷል፤ ካሴቱ ከሙጫው ቆርቆሮ አጠገብ ተጥሏል። እንዴት ጨከንክበት ብዬ ስጠይቀው ካሴቱን አገላብጦ አየው።

"ይሄ የማን ነው? ካሜራውን እያስተኛ አስቸገረኝ እኮ" አለኝ።

ቮይታ፣ ካሴቱን እንዲያወጣው ስመኝ ነው የሰነበትኩት፤ እንዲህ ሆኖ እንዲያወጣው ግን አልነበረም። በእማማ ሻርፕ ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ ሥራው ቀንቶታል። ፊልሙ አንድ ሰው ሻንጣ ይዞ ወደ ቤት ሲመጣ ነው፣ ሌላ ነገር የለውም። ትናንት እስከ ተሠራው ድረስ አብረን አየነው። ሰውየው ቀኝ ትከሻውን ዘንበል አድርጎ፣ ግራ እግሩን ጎተት እያደረገ ይመጣና ደጃፉ ሲቃረብ እንደ መሮጥ ይላል። ከፕሪሙ ዛፍ ወድቀህ ከተሰበርክ ወዲህ እንዲያ የሚሄድ ካንተ በቀር ማንን እናውቃለን? አባባ፣ ይሄ ማነው አልኩት። ብዙ አሰበ፤ ግንባሩን እስኪያልበው አሰበ።

"ስሙ ጠፋኝ" አለ። "አረማመዱን ግን እጄ ያውቀዋል።"

ኢቮ ሰላም ብሎሃል፤ የዘንድሮው የፕሪም አረቄ ጉሮሮ ይልጣል ብለሽ ንገሪው ብሎኛል። አክስታችን ያርሚላ ለቴሬዛ የሱፍ ካልሲ እየሠራችላት ነው። ኬሪን በእኔ ስም አቅፈህ ሳምልኝ፤ ቴሬዛንም ሁለቱን ጉንጮቿን።

አንተ ግን ለፋሲካ እመጣለሁ ማለቱን ተወው፣ ፋሲካ ሩቅ ነው። አሁን ና። ስትመጣም ታክሲው በር ድረስ አያምጣህ፤ ድልድዩ ጋ ውረድና ሻንጣህን ይዘህ በእግርህ ና። እኔ አባባን መስኮቱ አጠገብ አስቀምጬ እጠብቅሃለሁ።

እህትህ ሚላዳ
ቪዞቪትሴ፣ ኖቬምበር 6 ቀን 2005