ማሪዮንን የጠየቀው ፈረሰኛ

ይድረስ ለልጄ ለሂው፣ ሮተርዳም።

ባሕሩን በሰላም ያሻገረህ አምላክ በደረስክበት ሁሉ ጥላ ከለላ ይሁንህ። እኛ ደህና ነን። ቀይዋ ላም ወልዳለች፤ አባትህም ጉልበቱ ተሽሎት እንደ ድሮው መጮህ ጀምሯል።

እዚህ አጠገባችን ሞክሊን ላይ የተደረገውን ውጊያ ሳትሰማ አትቀርም። አትደንግጥ፣ ሁላችንም አለን። ሕዝቡ ሜዳው ላይ የጌታን እራት ወስዶ ገና ሳይበተን የመንግሥት ፈረሰኞች ደረሱ። አንድ መዝሙር የምንዘምር ሰዎች፣ እንግሊዞች ያሰሩትን ንጉሣችንን ለማስፈታት እንግሊዝ ላይ እንዝመት፣ አንዝመት ተባብለን ተጋደልን። ወንድምህ ጊልበርት አንዘምትም ካሉት ጋር ነበር። እህትህን ማሪዮንን ለጋብቻ የጠየቃት ኒኒያን ደግሞ እንዝመት ከሚሉት ፈረሰኞች ጋር። አባትህማ «ያ ልጅ ደጄን እንዳይረግጥ!» ብሎ ነበር።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በራችን ተንኳኳ። ኒኒያን ነው! ጊልበርትን ከረግረጉ ጎትቶ አውጥቶ፣ በገዛ ፈረሱ ጭኖ አመጣልን። ወንድምህ ትከሻው ቆስሏል እንጂ ደህና ነው።

አባትህ ኒኒያንን ከላይ እስከ ታች አየውና «አሁንም ተሳስታችኋል» አለው።

«እርስዎም ተሳስተዋል፣ አባባ።»

«ታዲያ ምን ይገትርሃል? ግባና ብላ!»

ማሪዮን እየሳቀች፣ እያለቀሰች የአጃውን ቂጣ አሳረረችው፤ እሱም ያረረውን ሁሉ በላ። ሠርጉ ከአጨዳ በኋላ ነው።

ልጄ፣ ደረትህን ከብርድ ጠብቅ። መርከብ ካገኘህ ደግሞ ና። በሠርጉ ዕለት አባትህና ኒኒያን አንድ ገበታ ይቀርባሉና፣ መካከላቸው የምትቀመጠው አንተ ብትሆንልኝ ደስ ይለኛል። መንገድህን ያቅናልህ፤ ዓይንህን ለማየት ያብቃኝ።

እናትህ ባርባራ