ከፊት የሚከፈት ሳጥን

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9 ቀን

ለልጄ ለጭራሮ፣

እንዴት ከርመሃል? ሥራው፣ ጤናው፣ እንቅልፉስ? እኛ ደህና ነን። የእናትህ ጉልበት ተሽሎታል፤ የእኔ ምላስ ግን እንደምታውቀው ነው። ደብዳቤው ከእኔ መሆኑን አይተህ እንዳትደነግጥ፣ ማንም አልሞተም። ከቤት ከወጣህ ሁለት ዓመት ሆኖሃል፤ ለእናትህ ስድስት ጊዜ ጽፈሃል። ስድስቱንም አንብባልኛለች። "ለአባቴ ሰላም በይልኝ" የሚል ግን አንዱም ላይ የለም። አልፈርድብህም።

አሁን ቁጭ በልና ስማኝ፤ ሸረሪት ገዛሁ።

አዎ፣ እኔው። ያቺን ታራንቱላ የምትላትን ጠጉራም ሸረሪትህን "ይሄ ጉድ ከቤቴ ይውጣልኝ" ብዬ፣ አንተ ሥራ ውለህ ሳትመለስ ከነሳጥኗ በረንዳ ላይ አውጥቼ ፀሐይ ያስበላኋት እኔው አባትህ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሸረሪት አርቢ ወርክሾፔ መጥቶ አሥራ ሁለት ሳጥን አዘዘኝ። ፊታቸው መስታወት፣ ቁመታቸው የስፋታቸው እጥፍ። "ምነው፣ ቆመው ነው እንዴ የሚተኙት?" አልኩት። ሳቀብኝ። "እነዚህ የዛፍ ናቸው አባባ። መሬት አይቆፍሩም፣ ወደ ላይ ነው የሚወጡት" አለኝ። ስሠራ ስጠይቀው፣ ስጠይቀው ስሠራ፣ ነገሩ ሳላስበው ልቤ ገባ። ሳጥኖቹን ያስረከብኩ ቀን "በል ለእኔም አንድ እንምረጥ" አልኩት።

ምርጫው ቀላል እንዳይመስልህ! ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው ግራጫና ነጭ ጥለት ባላት፣ መዳፌን በምትሞላ አንዲት ቆንጆ ላይ ነበር። አርቢው ግን "እሷን ይተዋት። ዓይንዎን ጨፍነው እስኪገልጡ ክንድዎ ላይ ናት፤ ንክሻዋም ቀናት ያሳምማል። ለጀማሪ አትሆንም" አለኝ።

"አርባ ዓመት መጋዝ ይዤ አሥሩም ጣቶቼ አሉ" ብዬ ፎከርኩ።

"መጋዝ አይዘልም አባባ።"

ወደሚቀጥለው ሳጥን አለፍኩ። የሁለተኛዋ መርዝ ቀለል ይላል፣ ቁጣዋ ግን ከእኔ ይብሳል። ሁለት ቁጡ ላንድ ቤት ይበዛል ብዬ ተውኳት። ሦስተኛዋ ጥቁር ናት፣ የእግሮቿ ጫፍ ብቻ ሮዝ፤ ጥፍሯን የተቀባች ሙሽራ በላት። ረጋ ያለች ናት። ስትደነግጥ ከመንከስ መሸሽ ይቀላታል፣ በጣም ከባሰባት ኩሷን ትረጫለች። እሷን መረጥኩ። መነጽሬን እስካሁን ሁለት ጊዜ አግኝታዋለች።

ይዣት ስገባ እናትህ ወገቧን ይዛ "አንተ ሰውዬ፣ ልጄን በሸረሪት አባረህ በሸረሪት ልትመልሰው ነው?" አለችኝ። እውነቷን ነው።

ታዲያ አዋቂ ነኝ ባይ አይደለሁ? አርቢው ያዘዘው በር ከፊት ነበር፤ ለራሴ ሲሆን ግን እንደ ልብስ ሳጥን ከላይ የሚነሳ ክዳን ሠራሁላት። ማጠፊያው እንዴት እንደሚያምር! እሷ ደግሞ ቤቷን የሠራችው እዚያው ክዳኑ ሥር ነው። ውኃ ልጨምር ስከፍት ድሯን ቀደድኩባት። ፌንጣ ልስጣት ስከፍት ቀደድኩባት። ደህና ናት ወይ ብዬ ስከፍትም ቀደድኩባት። ሰፋች፣ ቀደድኩ፤ ሰፋች፣ ቀደድኩ። በመጨረሻ ወርዳ ወለሉ ጥግ ኩርምት አለች። መብሉንም ተወችው።

አርቢውን ጠርቼ ባሳየው "የዛፍ ሸረሪት መሬት ከተቀመጠች ቤቷ አልሆናትም ማለት ነው። ጣሪያዋን እያነሱባት የት ትኑር?" አለኝ።

የዚያን ቀን እንጨት አልነካሁም። አንተ ፊቴ ላይ ድቅን አልክብኝ። ሳላንኳኳ ክፍልህ ስገባ ብድግ ትል የነበረው። መዝጊያህ ላይ ቁልፍ ልግጠም ስትለኝ "በአባቱ ቤት ቁልፍ የሚፈልግ ምን የሚደብቀው አለው?" ብዬ የጮህኩብህ። እኔ ደህና መሆንህን ማየቴ ነበር፤ አንተ ግን የምትቀመጥበት አጣህ። አጥፍቻለሁ ልጄ። ሸረሪትህንም ገድዬብሃለሁ። ይቅር በለኝ።

በማግስቱ በሩ ከፊት የሆነ ሌላ ሳጥን ሠራሁ፤ አየር እንዲያስገባ በሁለቱም ጎን ቀዳዳ በሳሁለት። በሳምንቱ ወደ ላይ ወጥታ ድሯን አደራች፣ ፌንጣዋንም በላች። አሁን ሳሎን ናት። እናትህ የማላይ መስሏት ጠዋት ጠዋት "ደህና አደርሽ?" ትላታለች። ደስ ብሎናል፣ አልዋሽህም።

ሌላ ወሬ፤ መዝጊያህ ላይ ቁልፍ ገጠምኩ። ቆልፌዋለሁም። ቁልፉ አንድ ብቻ ነው፣ ትርፍ አላስቀረጽኩም፤ እዚህ ፖስታ ውስጥ አለልህ። እናትህ "ታዲያ ክፍሉ አቧራ ሲውጠው ማን ይጠርገው?" ብላ ጮኸችብኝ። "ባለቤቱ ሲመጣ ይጥረገው" አልኳት።

የያዝከው ይስመርልህ፣ ክፉ አይይህ፣ እድሜህ ከእኔ ይርዘም።

ማንኳኳት የተማረው፣
አባትህ