ሦስተኛው ባትሪ

ለወንድሜ፣

እናታችንን ቀብረህ በስምንተኛው ቀን ነገርከኝ። በድለኸኛል። ኦክስጅን ላይ ያለን ሰው መርዶ ይገድለዋል ብለህ አንተው ወሰንክልኝ። እኔም ልጇ ነኝ።

ይህን ካልኩ በኋላ፣ አሰላሙ ዐለይኩም። እንዴት ሰነበትክ? ጉልበትህስ ተሻለህ? ባለቤትህና ልጆችህ ደህና ናቸው? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ቱቦዬን አፍንጫዬ ላይ አድርጌ ሱቄ ውስጥ ተቀምጫለሁ። ከቀጨኔ ዳገት ጋር ግን ተለያይተናል።

ቤትህ ሦስት ቀን ሰንብቼ ከአፌ ያልወጣውን ልጻፈው።

መጀመሪያ ወደ አንተ ልመጣ ብዬ ማንንም ሳላማክር ትልቁን የኦክስጅን ሲሊንደር በጋቢ ጠቅልዬ፣ ከዊንጌት ታክሲ ይዤ አየር ማረፊያ ሄድኩ። ትኬት የምታየው ልጅ «አባባ፣ ይሄ አይሳፈርም» አለችኝ። ያለ እሱ አልሄድም አልኳት። «እንግዲያው ሁለታችሁም ልትቀሩ ነው» ብላ ሳቀች። ከዚያ ግን ወንበር አምጥታ አስቀመጠችኝና የሚያስፈልገውን ሁሉ በወረቀት ጻፈችልኝ፦ ሐኪም የሚሞላው ፎርም፣ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የኦክስጅን ማሽን፣ ለመንገዱ በቅቶ የሚተርፍ ባትሪ። አላህ ይስጣት። ተናድጄ ተመለስኩ፤ ወረቀቷን ግን አልጣልኩም።

በሳምንቱ ጎረቤቴ ነርሷ ሩፋይዳ ማሽኑን ከሁለት ባትሪ ጋር ይዛ መጣች። ከሆስፒታል በውሰት ነው አለችኝ፣ ዓይኔን ሳታይ። ከእጅህ ምንም ላልቀበል መማሌን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እኔም የተቀበልኩት ከሩፋይዳ እጅ ነው። መመሪያውን መዝገበ ቃላት ይዤ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ፊደል በስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ ለተማረ ሰው ይህ አያቅተውም።

አውሮፕላኑ ውስጥ አስተናጋጇ ማሽኑን ከፊቴ ካለው ወንበር ሥር አስገባችልኝ፤ ሁለቴ እየተመላለሰች «አባባ፣ አየሩ ይበቃዎታል?» አለችኝ። አጠገቤ የተቀመጠውን ሰውዬ የማሽኑ ድምፅ ይረብሽህ ይሆን ብለው፣ «ባለቤቴ ስታንኮራፋ አልሰሟት!» አለኝ። ስስቅ ትንፋሽ አጠረኝ። ድሬ ዳዋ ስንወርድ ግን ደረቴ ተከፈተ።

መምጣቴን አልነገርኩህም፤ አንተ ግን የአየር ማረፊያው በር ላይ ቆመህ ነበር። በቀጥታ ወደ እናታችን መቃብር ወሰድከኝ። በረራው ዘግይቶ ስለነበር አንዱ ባትሪ መንገድ ላይ አልቋል። ለነፍሷ ፋቲሓ ቀርቼ ሳልጨርስ የሁለተኛውም ማስጠንቀቂያ ጮኸ። በቃ፣ ተነስ ትለኛለህ ብዬ ጠበቅኩ። እንደዚያን ጊዜው ትወስንልኛለህ ብዬ። አንተ ከኪስህ ሦስተኛ ባትሪ አወጣህ፣ ቀየርክልኝና ወደ ኋላ ፈቀቅ አልክ። ከእናቴ ጋር እስክጠግብ ተቀመጥኩ።

የሆስፒታል ባትሪ አንተ ኪስ ውስጥ ምን ይሠራ እንደነበር አልጠየቅኩህም። ሩፋይዳንም አልጠይቃትም። ማሽኑን አልመለስኩም፤ የሚጠይቀኝ ሆስፒታል ያለም አይመስለኝም።

አላህ ዕድሜህን ያርዝመው። ልጆችህን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ። ትንፋሽህ ባጠረ ቀን የሚቀጥልልህ ሰው አትጣ።

የመጀመሪያውን መስመር የጻፍኩት እንዳልረሳሁ እንድታውቅ ነው። ከእንግዲህ በአፌም በብዕሬም አላነሳውም። አንተም እንዳታነሳብኝ።

ታላቅ ወንድምህ
ጉለሌ