ያልተረጎምኩት ዓረፍተ ነገር

ኅዳር 5፣ ሐሙስ
ሱሉልታ ውርጩ ብሶበታል። ያጠብኩት ልብስ እስካሁን አልደረቀም። ፓስተር ገመቺስ የእሑዱን የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ላከልኝ፤ ስለ ንጉሥ ኢዮሣፍጥ ነው። እሱ በኦሮምኛ ይሰብካል፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። ኢዮሣፍጥን እወደዋለሁ። እግዚአብሔር አብሮት የነበረው ባለጸጋ ስለሆነ አይደለም... ጣዖቱን አስወግዶ፣ ሕጉን የሚያስተምሩ ሰዎች በየከተማው ስለላከ እንጂ።

ኅዳር 6፣ ዓርብ
ምንጩ ታጠረ። ዙሪያውን ቆርቆሮ፣ በሩ ላይ ቁልፍ። ቦታውን የገዙት ኦቦ ዲሪርሳ ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያናችንን ጣሪያ ያሠሩት። ጎረቤታችን ሃዋ ባዶ ጄሪካኗን ይዛ ተመለሰች። "አካም ቡልቴ ብለው ሰላም አሉኝ፤ ከዚያ ግቢዬ ነው፣ ሰው ሲመላለስበት ይቆሽሻል አሉኝ" አለች። ስንት ዓመት የተቀዳበት ምንጭ ዛሬ ቆሸሸ? ቧንቧው እንደሆነ ሲፈልግ ነው የሚመጣው። እማዬ በዚያ ጉልበቷ ወንዝ ልትወርድ ነው? ሰውየውን "እሳቸው" የምለውም ልማድ ሆኖብኝ ነው።

ኅዳር 8፣ እሑድ
ከጉባኤ ገብቼ ሳልቀመጥ ነው ይሄን የምጽፈው።

"እግዚአብሔር ከኢዮሣፍጥ ጋር ነበር" አለ ፓስተሩ። ተረጎምኩ። "ሀብትና ክብር ሰጠው።" ተረጎምኩ። ከዚያ ወደ ፊተኛው ወንበር ዞረ። "የዘመናችን ኢዮሣፍጥ እዚህ ተቀምጠዋል። ጌታ ከኦቦ ዲሪርሳ ጋር እንዳለ ጣሪያችሁን ቀና ብላችሁ እዩ።"

ይሄኛውን ግን አልተረጎምኩትም። የሚተረጉም ሰው "እሱ እንዲህ አለ" አይልም እኮ። እንደ ራሱ ቃል ነው የሚናገረው። ያን ነገር በእኔ አፍ?

ያልሰማሁ መስሎት ደገመው። "ኤቢሴ?" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ይቅርታ፣ ይሄን አልተረጉምም።"

ማይኩ ክፍት ነበር። ደግሞ ማን ያልገባው አለ? አብዛኛው ሰው ሁለቱንም ቋንቋ ይሰማል።

ኅዳር 9፣ ሰኞ
ገመቺስ ደወለ። የእግዚአብሔርን ሰው በጉባኤ ፊት አዋረድሽ አለኝ። "ሁለት ምዕራፍ ዝቅ ብለህ ለምን አልሰበክክም?" አልኩት። "ያው ንጉሥ ከክፉ ሰው ጋር ወግኖ ዘምቶ ሲመለስ ነቢይ ወጥቶ ገሥጾታል። እሱም ስለ ንጉሡ ነው የተጻፈው።"

"ለጊዜው አረፍ በይ።"

አረፍ በይ! ደክሞኛል ያልኩ ይመስል። ስንት ዓመት በብርድ ቆሜ ያገለገልኩት... እማዬ ደግሞ "ጣሪያው እኮ ያፈስ ነበር ልጄ" ትላለች። አዎ፣ ያፈስ ነበር። እና?

ኅዳር 12፣ ሐሙስ
ሃዋ ሱቅ ጨው ስገዛ ኦቦ ዲሪርሳ ገቡ። ሃዋ ስኳሯን መመዘን ቀጠለች።

"ንጉሥ በሉኝ ብያለሁ?"

"አላሉም። ሲሉዎት ግን ተመችቶዎት ሰሙ።"

"ጣሪያውን ያሠራሁት ለስም አይደለም።"

"ለስም ካልሆነ ምንጩን ይክፈቱት። ኢዮሣፍጥ እንኳ ሲገሠጽ ተመልሷል።"

ፊታቸው ጠቆረ። የገዙትን ሳሙና ይዘው፣ ደህና ዋሉ እንኳ ሳይሉ ወጡ። አበዛሁት ይሆን? አላበዛሁም።

ኅዳር 15፣ እሑድ
ቁልፉ ወልቋል! ጠዋት ሳልፍ በሩ ተበርግዷል፣ ሴቶቹ ገብተው ይቀዳሉ።

ቤተ ክርስቲያን ከኋላ ተቀመጥኩ። በእኔ ቦታ ቦሩ ሊተረጉም ቆሟል። ፓስተራችን ምን ቢል ጥሩ ነው? "ኢዮሣፍጣችን ምንጩን ለሕዝቡ ከፈቱ።" ቦሩ አንዲት ቃል ሳይጥል ተረጎመ፤ "ቸሩ" የምትልም ከራሱ ጨመረበት። ጭብጨባው... የዘጋው ማን ሆነና? ደሜ ፈላ። ኦቦ ዲሪርሳ ግን አላጨበጨቡም። አንገታቸውን እንደደፉ ቆይተው፣ ከሁሉ ቀድመው ወጡ።

ከሰዓት ምንጩ ጋ ለሃዋ ሁሉንም ነገርኳት። እየተንጨረጨርኩ ነበር። ተናግሬ እስክጨርስ አልጠበቀችኝም።

"ንጉሡን እናንተው ተካፈሉት። ጄሪካንሽን ወዲህ በይ፣ ከኋላ ሰው አለ።"

ንዴቴ አልበረደም። ቀዳሁ። እማዬ ወንዝ አልወረደችም።