ሐይቁ ላይ ስልክ አይሠራም

ሐሙስ፣ ጁላይ 15፣ 2021፣ ከሰዓት

ሙራድ ወንድሜ፣ ዛሬም እማዬ ስትጠብቀኝ ዋለች። ጠዋት ት/ቤት አድርሳኝ አልተመለሰችም። ሰመር ክላሱ እስኪያልቅ ፓርኪንግ ሎት ውስጥ፣ መኪና ውስጥ፣ መስኮቱን ከፍታ። በዚህ ሙቀት። ልጆቹ ሴኩሪቲ ናት እንዴ ይሉኛል። እስቃለሁ። ምን ላድርግ።

ጃንዋሪ ላይ ያ በረዶ ሃይዌዩ ላይ ካስቀረህ ወዲህ ወደ ሆቴሉ ሥራዋ አልተመለሰችም። አሁን ሥራዋ እኔ ነኝ። ሻወር ስገባ እንኳ ታንኳኳለች። መንጃ ፈቃድ አወጣሁ፤ ቁልፉ ግን እሷ ጋ ነው።

ኑረዲን ቴክስት አደረገልኝ። አንተ አምና ለዘንድሮ ኦገስት ያስያዝከው የአሣ ጀልባ አለ አይደል። አብዱ፣ ወይ አንተ ትመጣለህ፣ ወይ ካንስል እናደርገዋለን ይላል፤ እሱና ሲራክ ብቻቸውን አይወጡም። ሁለቱ ጓደኞችህ ያላንተ። ሳስበው ግራ ይለኛል።

እማዬን ማን ይጠይቃል?

ቅዳሜ፣ ጁላይ 24

መጡ። ሲራክ በዚህ ወበቅ ኮት ለብሷል። ሳሎን ገብተው አንቀመጥም አሉ፤ ሽማግሌዎች ነን፣ የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ ወንበር አንነካም። እማዬ መጀመሪያ ደነገጠች። ኑረዲን ጉሮሮውን ጠርጎ፣ እትዬ፣ አብዱን ለአንድ ቀን ስጪን፣ ሙሽራዋ ዓይኗ ትልልቅ ነው፣ ኤሪ ሐይቅ ውስጥ ነው የምትኖረው አለ።

ውሃው ምን ያህል ይጠልቃል አለች።

«እስከ ጉልበት ነው፣ እትዬ» ሲራክ።

«ታዲያ ጀልባ ምን ያደርግላችኋል?»

ኑረዲን በሳቅ ፈነዳ። እሷም ፈገግ ያለች መሰለኝ። ከዚያ ኪችን ገብታ ቆየች። ሁለቱ እንደቆሙ። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል። በየሰዓቱ ኮል ያድርግልኝ፤ በሉ ተቀመጡ አለች።

ሐይቁ መሀል ስልክ እንደማይሠራ ሦስታችንም እናውቃለን። ትንፍሽ ያለ የለም።

ዓርብ፣ ኦገስት 13

ነገርኳት። ስልክ አይሠራም አልኳት። ሽንኩርቱን መክተፍ አቆመች። በቃ፣ ቀረ አልኩ በልቤ። ላይፍ ጃኬት አላቸው ወይ አለች። አላቸው። እንዳታወልቀው አለችና መክተፏን ቀጠለች።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 14፣ ማታ

ሳይነጋ ወጣን። ሱብሒ እንደ ድሮው ነዳጅ ማደያው ጀርባ ሰገድን። ሲራክ ፍልሰታ ይዟል። አሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ከኮሎምበስ እስከ ሐይቁ አደረሰን። አሣዎቹ እንደማይበላቸው ስለሚያውቁ ነው ወደ ሲራክ የሚሄዱት ትል አልነበር? ኑረዲን ያንኑ ደገመው። ሳቅን። የኋላው ወንበር ሰፋኝ።

ካፒቴኑ ያው ሽማግሌ ፈረንጅ ነው። ረጅሙ የታለ አለ። ሲራክ ነገረው። ኮፍያውን አወለቀ። ገመዱን መፍታት ጀመረ።

ውሃው ረጋ ያለ። ዳርቻው ጠፋ፤ ስልኬም ኔትወርኩን ለቀቀ።

የመጀመሪያዋ ዋልአይ፣ ያቺ ባለ ትልልቅ ዓይን አሣ፣ የኔ! ቀስ፣ አትጎትታት፣ አንተ ልጅ! ኑረዲን ይጮኻል። ጀልባው ጥግ ስትደርስ መረቡን ሦስታችንም በአንዴ ያዝነው፤ ልታመልጠን ነበር። መረብ የሚይዘው ሁሌ አንተ ነበርክ።

ቀትር ላይ። አምና ትዝ ይልሃል? ወደ ቂብላ፣ መካ ወዳለበት ሰሜን ምሥራቅ ዞረን ሰላት ጀመርን፤ ጀልባው ሳይታወቀን ዞሮ፣ ሁለተኛው ረከዓ ላይ ፊት ለፊታችን ሲራክ፣ ትል በእጁ ይዞ። ሳቅህ አመለጠህ። ሰላታችን ተበላሸ። ካፒቴኑ ምን እንደሆነ ጠየቀህ፤ ሲገባው ሞተሩን አስነስቶ ሰግደን እስክንጨርስ ጀልባውን ወደዚያው አቅንቶ ያዘልን።

ዛሬ ማንም አልጠየቀውም። ራሱ አዞረው። በእጁ አቅጣጫውን አሳየን። ኑረዲን ትከሻዬን ይዞ ወደፊት ገፋኝ፤ አንተ ስታሰግደን ትቆም የነበረበት ቦታ። አላሁ አክበር ስል ድምፄ ተቆራረጠ። ግን ጨረስኩ።

ስንመለስ ወደቡ ጋ ስልኬ ነቃ። የሚስድ ኮል መዓት ጠበቅኩ። አንድም የለም።

እማዬ?

ደወልኩ። አታነሳም። ደገምኩ። አታነሳም። ሲራክ ምንም አይደለም ይለኛል፤ ስንት ነገር አሰብኩ። በመጨረሻ አነሳች። ድምፅዋ የእንቅልፍ ነው። ሰግጄ ጋደም ባልኩበት ወሰደኝ፣ ደረሳችሁ? አለችኝ።

ተኝታ ነበር፣ ሙራድ። ካንተ ወዲህ የደላ እንቅልፍ አይቼባት አላውቅም። እዚያው የወደቡ ጣውላ ላይ ቁጭ አልኩ። ፓርኪንግ ሎት ውስጥ ስትቀመጥ ምን እንደሚሰማት ዛሬ ገባኝ።

ሰኞ፣ ኦገስት 16፣ ጠዋት

ወደ ሆቴሉ ተመለሰች። ትናንት ሱፐርቫይዘሯን ኮል አድርጋ ነበር፤ ለኔ የነገረችኝ ዛሬ፣ ጫማዋን እያሰረች። ዩኒፎርሙ ሰፍቷታል። በሩን ከፍታ ቆመች፣ ተመልሳ ግንባሬን ሳመችኝ፣ ሄደች።

ቤቱ ውስጥ እኔ ብቻ። የመጀመሪያ ጊዜ። ሳሎን፣ ኪችን፣ ሳሎን። ሻይ ጥጄ ረሳሁት፤ ተንተክትኮ አለቀ። ቲቪ ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። መኝታ ቤታችን በር ላይ ቆምኩ፤ አልገባሁም።

ለካፒቴኑ ደወልኩ። ለሚመጣው ኦገስት፣ ቅዳሜ ቀን አልኩት። በማን ስም? በራሴ። ስንት ሰው? አራት። አራተኛው ማነው አለ።

እናቴ አልኩት።

ጀልባ ትችላለች ወይ? ወጥታ አታውቅም። ዋናስ? እሱንም አትችልም። ሳቀና መዘገባት።

እሷ ገና አልሰማችም። ማታ ስትመጣ፣ ውሃው እስከ ጉልበት ነው ብዬ እጀምራለሁ።